ደቻቱ፣ ባቡሩና የ1969 ክረምት
በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



የሒሳብ ሪፖርቱ በእጃችሁ ነው፤ ቁጥሩን እያነበብን አናሰለቻችሁም። ዛሬ የቆምነው ከሪፖርቱ ስለተነሡ ሁለት ጥያቄዎች ልንናገር ነው። የመጀመሪያው የመጣው ከደጋፊዎቻችን ነው፦ “የክፉ ቀን ሳጥን” እያላችሁ የምትጠሩት መጠባበቂያ ለምን ባንክ ተኝቶ ይቀመጣል? ለምን ለአባላት እየተበደረ አይሠራበትም? ሁለተኛው ከራሳችን መካከል የተነሣ ነው። የብድር ዋስ የሚሆኑት አምስት ሴቶች ከደቻቱ ወዲህና ወዲያ የተውጣጡ፣ ቋንቋቸውም የተቀላቀለ ይሁን የሚለው ደንባችን አስቸጋሪ ነው፤ እኅት ከእኅቷ፣ ጎረቤት ከጎረቤቷ ጋር ብትቧደን ይቀላል የሚል ነው።

ሁለቱንም ደንቦች ያወጡት መሥራች እናቶቻችን ናቸው። ቃለ ጉባኤውን አገላብጠን አይተነዋል፤ ውሳኔው ተጽፏል፣ ምክንያቱ ግን አልተጻፈም። ስለዚህ ሄደን ጠየቅናቸው። አንዷ ከገንደ ቆሬ፣ ሌላዋ ከለገሃሬ፣ ሌላዋ ከመጋላ ናቸው፤ ተነጋግረው አልጠበቁንም። ሁሉም ግን ወሬያቸውን የጀመሩት ከአንድ ዓመት ነው፤ ከ1969። እኛ ያኔ አልተወለድንም። ትምህርት ቤትም የተማርነው ካራማራን ነው እንጂ ደቻቱ ዳር የሆነውን አልነበረም።

ከዚያ በፊት ግን ይህች ከተማ በምን ትኖር እንደነበር መናገር ያስፈልጋል። አለበለዚያ ምን እንደጠፋ አይገባንም።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። አፄ ምኒልክ በ1886 ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ነገር ግን ከቆላው ወደ ደጋው የሚያወጣው ገደል ወጪው የማይቻል ሆነ። ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ፣ ውሃ ካለበት አሸዋማ ወንዝ ዳር ቆመ፤ ጊዜው ታኅሣሥ 1895 ነበር። መጀመሪያ “አዲስ ሐረር” ተብላ ነበር፤ ስሙ አልያዘላትም። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ 1909 ደረሰ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከባሕር የሚመጣውም ወደ ባሕር የሚወርደውም የሚወርድበትና የሚጫንበት እዚህ ነበር። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ የመኑ ሁሉ የመጣው በዚህ ነው። ድሬ “አንቱ” የማታውቅ ከተማ የሆነችውም ከዚህ የተነሣ ይመስለናል፤ ሁሉም እንግዳ በሆነበት ማን ማንን ያከብራል? ይህ የእኛ ግምት ነው፤ ከሒሳብ ሠራተኛ የታሪክ ማስረጃ አትጠብቁ።

ወንዙ ደግሞ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በምዕራብ ከዚራ አለ፤ መንገዱ የተሰመረ፣ ዛፉ የተተከለ፣ የባቡሩ ሰዎች ሠፈር። በምሥራቅ መጋላ አለ፤ ጠባቡ መንገድ፣ ሱቁ፣ መስጊዱ። ደቻቱ ከደቡቡ ደጋ ይወርዳል፣ ወደ ሰሜኑ ቆላ ይሄዳል። ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው። ደረቅ መሆኑ ለከተማዋ ሴቶች መልካም ነበር፤ መንገድ ነው፣ ገበያ ነው፣ አሸዋው ሲቆፈር ውሃ ይገኝበታል። ከደጋው የኦሮሞ ሴቶች እንጨት፣ አትክልትና ጫት ተሸክመው ወደ ቀፊራ ይወርዳሉ። ከሽንሌ በኩል የሶማሌ ሴቶች የግመል ወተት ይዘው ይገባሉ። የከዚራዋ ሴት ወተቱን በዱቤ ትወስዳለች። እናቶቻችን እንደነገሩን ከሆነ ዱቤው የሚመዘገበው በግድግዳ ላይ በከሰል ነበር፤ አንድ ጭረት አንድ ዕቃ ወተት። ደመወዝ ሲወጣ ይከፈላል፤ ጭረቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ደብተርም ደረሰኝም የለም። የተከራከረ ሰው ግን አያስታውሱም።

ባቡሩ ላይ የሚነግዱት ሌሎቹ ናቸው። ከዚህ እስከ ጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጫትና ፍራፍሬ ይዘው ይወርዳሉ፤ ጨርቅ፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ሽቶ ይዘው ይመለሳሉ። መንግሥት ኮንትሮባንድ ይለዋል፤ እናቶቻችን “መስመር መውጣት” ነው የሚሉት። በየጣቢያው ፈታሽ አለ፤ ከፈታሽ የተረፈው ልጅ ያሳድጋል። የዚህ ንግድ ጠባይ ግን አንድ ነው፦ ገንዘብ ቤት አይቀመጥም። ወይ ዕቃ ሆኖ መስመር ላይ ነው፣ ወይ ዕቁብ ሆኖ ሰው እጅ ነው፣ ወይ ወርቅ ሆኖ ክንድ ላይ ነው። ይህን ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

እንግዲህ 1969 መጣ። የጦርነቱን ምክንያት የሚያውቁ ሰዎች እዚህ አሉ፤ እኛ ባጭሩ እናልፈዋለን። የሶማሊያ መንግሥት ኦጋዴንን የራሱ ለማድረግ ከነጻነቱ ጊዜ ጀምሮ ሲያስብ ቆይቷል። የ1966ቱ አብዮት ያመጣው ትርምስ ለዚያድ ባሬ ጥሩ አጋጣሚ መሰለ። ሶቪየት ኅብረት ሶማሊያን ስታስታጥቅ ቆይታ በዚያው ጊዜ ፊቷን ወደ ደርግ አዞረች። ከመደበኛው ወረራ ቀደም ብሎ የምዕራብ ሶማሊያ ነጻ አውጪ ግንባር ተዋጊዎች የባቡር ድልድዮችን አፈረሱ፤ መስመሩ ተቆረጠ። ጅቡቲ ነጻ የወጣችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ነው፤ አዲሲቱ ሀገርና የእኛ ከተማ በተወለዱበት ሐዲድ መገናኘት ያቃታቸው በዚያው ሰሞን ነው ማለት ነው።

ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ሠራዊት ገባ። ዋቢ ሸበሌ ዳር ያለችው ጎዴ በዚያው ወር ወደቀች። ኦጋዴን ከሞላ ጎደል ተያዘ። ከዚያ የሸሸው ሰው ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ ጎረፈ፤ ወታደሩ ቆስሎ፣ አስተማሪውና ጸሐፊው ልጁን አዝሎ፣ ነጋዴው ባዶ እጁን። ነሐሴ 11 ቀን ደግሞ ታንክና መድፍ ወደ ራሷ ድሬዳዋ መጣ። የተፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ የአየር ኃይሉ ጣቢያ እዚህ ነው፣ ባቡሩ እዚህ ነው፣ ፋብሪካዎቹ እዚህ ናቸው። እሷ ከተያዘች ሐረር ከኋላዋ ትታፈናለች። ከተማዋ በመድፍ ተደበደበች። ከታጠቅ ሠልጥኖ የመጣው ሚሊሺያና የምድር ጦሩ ያዙ፣ አውሮፕላኖቹ ከአናት መቱ፣ ጥቃቱ ተመለሰ። ድሬዳዋ አልተያዘችም። ጅጅጋ ግን በመስከረም 1970 መጀመሪያ ወደቀች፤ የተመለሰችውም የካቲት 26 ቀን፣ ካራማራ ላይ ነው።

ታሪክ መጽሐፍ ላይ ያለው ይህን ያህል ነው። እናቶቻችን የሚነግሩን ሌላ ነው። በመድፉ ሌሊት አንዳንዶቹ አልጋ ሥር፣ አንዳንዶቹ ቦይ ውስጥ ነበሩ። አንዷ ስታወራን “ክረምት ነው፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም መድፉ ይሁን ዝናቡ አናውቅም፤ መድፉን ፈርተን ቦይ ስንገባ ጎርፉን እንፈራለን” አለችን። ነሐሴ ደቻቱ ሞልቶ የሚወርድበት ወር ነው። ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው በጦርነትም ጊዜ ሁለት ነገር ያዳምጣል።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ያለው ዓመት ነው የእኛ ጉዳይ። የተቆረጠው መስመር አንድ ዓመት ገደማ ሳይሠራ ቆየ። ጅቡቲ የቀረ ዕቃ ቀረ። ጫት ከተቀጠፈ ሁለት ቀን አይቆይም፤ የሚጭነው ባቡር ከሌለ ለፍየል ይሰጣል። የሽንሌ ወተት መግባቱን አቆመ፤ ከደጋው የሚወርዱትም ኬላ እየፈሩ ቀነሱ። ቀፊራ ባዶ ዋለች። ዕቁቡ ተበተነ፤ ዕጣዋ ቀድሞ የወጣላት ሴት ከተማውን ለቅቃ ሄደች፣ ያልወጣላት ባዶዋን ቀረች። ወርቅ ያላት ልትሸጥ ወጣች፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲሸጥ ገዢው ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ነበር፣ ዋጋውንም እሱ ይቆርጣል። እህል ተወደደ። ቀበሌው በበኩሉ ስንቅ አዘጋጁ ይላል፤ “ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር” የሚባልበት ዘመን ነው። እናቶቻችን ለልጆቻቸው የሚሆን ዱቄት እየቸገራቸው ለወታደሩ በሶ ፈጩ፣ ዳቦ ቆሎ ጠበሱ። ይህን ሲያወሩ ምሬት የለባቸውም፤ “የሰው ልጅ ነው፣ የእኛም ልጅ እዚያው ነው” ነው የሚሉት።

በሒሳብ ቋንቋ ስንናገረው እንዲህ ነው፦ ንብረት ነበራቸው፣ ጥሬ ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላት ሴትና የሌላት ሴት በአንድ ወር እኩል ሆኑ። የክፉ ቀን ሳጥን ደንብ የወጣው ከዚህ ነው። ከየመቶ ብሩ ቁጠባ አስር ብር ይቀመጥ፣ አይነካ ያሉት ሴቶች ባንክ ቤት ወለድ እንደሚያበድር ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ በጉባኤም ተነሥቶ አያውቅም።

ጦርነቱ ሶማሊያ ከኢትዮጵያ ጋር ነው። ነገር ግን መጋላ ውስጥ፣ ደቻቱ ዳር፣ ሶማሊኛ የሚናገረው ጎረቤታችን ነበር። በአንድ ክረምት ቋንቋው ጥርጣሬ ሆነ። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ይጠረጠራል፤ እንግዳ ያሳደረ ይጠየቃል። የተያዘ አለ፣ ያልተመለሰ አለ። ብዙ ቤተሰብ በሌሊት ቤቱን ቆልፎ ወጣ፤ አንዱ ወደ ጅቡቲ፣ አንዱ ወደ ሶማሊያ። ከሐረርጌ በዚያ ጦርነት ድንበር ተሻግሮ ሶማሊያ ውስጥ በመጠለያ የኖረው ሕዝብ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ነው፤ ሶማሌውም ኦሮሞውም አለበት። በሌላ ወገን ደግሞ ከጎዴና ከጅጅጋ የሸሸው “የገደሉብኝ እነሱ ናቸው” እያለ ገብቷል። ዕድርና አፎሻ ውስጥ አብሮ ቀባሪ የነበረ ሰው አንገቱን አዞረ። እናቶቻችን በመጀመሪያ አልነገሩንም። ሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ነው አንዷ “ዋስ ጠፋ” ያለችን። ባቡሩ ሲቆም ሌላ ሥራ ሊጀምሩ ብድር ፈለጉ፤ ዋስ የሚሆናት ሰው የራሷ ወገን ብቻ ሆነ፤ የራሷ ወገን ደግሞ እንደ እሷው የተጎዳ ነው። የሚያበድራት የነበረችው የወዲያኛዋ ማዶ ሴት ሸሽታለች ወይ ፈርታለች።

እዚህ ላይ ያን የከሰል ጭረት እናንሣ። ከዚራ የምትኖር አንዲት እናታችን የሁለት ወር የወተት ዕዳ ግድግዳዋ ላይ እንዳለ ወተት ሻጯ ጠፋች። ግድግዳው በየዓመቱ ኖራ ይቀባል፤ ያን ጥግ ግን ሳትቀባ ተወችው። ባሏ ተቆጣ፣ ልጆቿ ሳቁባት። ሶማሊያ ስትፈርስ፣ በ1983 ግድም ስደተኛው ሲመለስ፣ ሴትዮዋ በር አንኳኳች። ዕዳው ይከፈል ተባለ፤ በስንት ዋጋ? በ1969 የነበረው ብር በ1983 ምን ይገዛል? ሁለቱ ሴቶች በዚህ ግማሽ ቀን ተከራከሩ፤ ባለዕዳዋ ትጨምራለች፣ ባለገንዘቧ ትቀንሳለች። በመጨረሻ በስኳርና በሻይ ቅጠል ተጨረሰ። እኛ በኮሌጅ የዋጋ ግሽበት ስንማር እንዲህ ያለ ምሳሌ አልተሰጠንም። ሁለቱም በኋላ የዚህ ማኅበር መሥራቾች ሆኑ፤ የተቀላቀለው የዋስ ደንብም የእነሱ ሐሳብ ነው። ፍቅር ስለነበራቸው ብቻ አይመስለንም። ክፉ ቀን ሲመጣ የአንድ ሠፈር፣ የአንድ ቋንቋ ሰው አንድ ላይ እንደሚመታ አይተዋል። አምስቱም ዋሶች በአንድ ጊዜ ከወደቁ ዋስ የለም ማለት ነው።

ወንዙም ቢሆን አልተወንም። በጦርነቱ የመጣው ተፈናቃይ፣ በኋላም ከስደት የተመለሰው፣ ከሠራዊቱ የተበተነው፣ ባዶ ያገኘው መሬት የደቻቱን ዳር ነበር። ባዶ የሆነበት ምክንያት አለው፤ የቆየው ነዋሪ ወንዙን ስለሚያውቀው ነው። አዲስ የመጣ ሰው ግን ምርጫ የለውም። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ያደጉት በዚያ መንገድ በተሠሩ የጭቃ ቤቶች ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ወረደ። ሰው ተኝቶ ነበር። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ በሺህ የሚቆጠር ያለ ቤት ቀረ፤ ቀፊራ ገበያ ዳር የነበረው ሁሉ ታጠበ። ስለዚያ ሌሊት እዚህ ብዙ አንናገርም፤ በዚህ አዳራሽ ልጅ ያጣች አለች። ለጉዳያችን የሚያስፈልገውን ብቻ እንበል። ማኅበሩ የተጀመረው ከጎርፉ በኋላ፣ በመጠለያ ድንኳን ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት በየሠፈሩ ዕቁብ የነበራቸው ሴቶች ሠፈሩ ሲሄድ ዕቁቡም አብሮ ሄዶባቸዋል። ድንኳን ውስጥ ግን የከዚራዋና የመጋላዋ፣ የሶማሌዋና የአማራዋ፣ የኦሮሞዋና የጉራጌዋ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ሽማግሌዎቹ “ይህንን እናውቀዋለን” ያሉት ያኔ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች እንመለስ። ደጋፊዎቻችን ትክክል የሆኑበት ነገር አለ፤ ባንክ የተቀመጠ ብር በየዓመቱ የመግዛት አቅሙ ይቀንሳል፣ ይህን ከእኛ በላይ የሚያየው የለም። ስለዚህ ሥራ አመራሩ የሚያቀርበው እንዲህ ነው፦ ሁሉም አባላት ቁጠባቸውን ለሦስት ወር ማስገባት ቢያቆሙና ለቀለብ ቢያወጡ የሚበቃው ያህል በጥሬ ገንዘብ ይቀመጥ፣ በምንም ምክንያት አይበደር። ከዚያ በላይ ያለው ከስድስት ወር ለማይበልጥ ጊዜ፣ በዓመቱ ደረቅ ወራት ብቻ ይበደር፤ ሰኔ ሳይገባ ይመለስ። ክረምት ለእኛ የብድር ወቅት አይደለም። ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ ይለቀቅ የሚለውን ሐሳብ ግን አንደግፍም፤ በሪፖርት ላይ “ሥራ ላይ የዋለ ገንዘብ” ከመቶ ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ቁጥራችን ዝቅ ማለቱን እናውቃለን፣ ዝቅ ይበል።

የዋስ ቡድኑን በተመለከተ ለውጥ አላቀረብንም። የተነሣው ችግር እውነት ነው፤ ከዚራ ያለች ሴት መጋላ ለስብሰባ ስትሄድ የባጃጅ ታወጣለች፣ ከመሸ ትፈራለች፣ ቋንቋ የማትግባባም አለች። የባጃጁን ከአስተዳደር ወጪ እንሸፍናለን፤ ስብሰባው በፈረቃ አንድ ጊዜ ወዲህ አንድ ጊዜ ወዲያ፣ ከቀትር በፊት ይሁን። አስተርጓሚ ለሚያስፈልጋቸው ቡድኖች ከወጣት አባሎቻችን ሦስት ፈቃደኞች አሉ። አንዳንዶቻችሁ “ያ ጊዜ አልፏል፣ አሁን ማን በቋንቋ ይጣላል” ብላችኋል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በሀገራችን የሆነውን፣ በየጊዜውም ወደ ከተማችን ተፈናቅሎ የመጣውን ሰው ያየ ይህን እንዴት እንደሚል አልገባንም። ይህ የሒሳብ ክፍሉ አስተያየት ነው፤ ድምፁ የእናንተ ነው።

ምርጫው የሚካሄደው ከሻይ በኋላ ነው። ወረቀቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ተዘጋጅቷል፤ ማንበብ የማትችል አባል የምታምናትን ሰው ይዛ መግባት ትችላለች። ሌላ አንድ ማስታወቂያ አለን። የ1969ን ዓመት የሚያስታውሱ እናቶች ካሉ ቃላቸውን በስልክ እየቀዳን ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ እንገኛለን፣ መምጣት ለማይችሉ ቤት ድረስ እንሄዳለን። ስሜ አይጻፍ ለሚሉ አንጽፍም። ከመሥራቾቹ መካከል ባለፈው ዓመት ሁለቱን ቀብረናል፤ የአንዷን ቃል ቀድተነዋል፣ የሌላዋን አልደረስንበትም።